ታሪካዊ ቤት ለአፓርትመንት ሲፈርስ፦ የነዋሪው ተቃውሞ ሰሚ የሚያገኘው መቼ ነው?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መርጡለ ማርያም ስሟ ራሱ ቤትን ያመለክታል። «መርጡል» በግእዝ አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ ማደሪያ ማለት ሲሆን፣ መርጡለ ማርያምም የማርያም አዳራሽ እንደ ማለት ነው። የገዳሙ ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑ በአብርሃና አጽብሓ ዘመን እንደ ተተከለ ይናገራል። የታሪክ ተመራማሪዎች በተለይ የሚያተኩሩት ግን እቴጌ እሌኒ ከ15ኛው ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ላይ ባሠሩት ሕንፃ ላይ ነው። ያ ሕንፃ በአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ዘመን ጠፋ፤ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ጀስዊት ሚሲዮናውያን በፍርስራሹ ላይ ዳግም ግንባታ አካሄዱ። ዛሬ በቅጽሩ ውስጥ ቆሞ የሚታየው ጌጠኛ ጥርብ ድንጋይ ያለበት ግድግዳ የእነዚያ ዘመናት ቅሪት ነው።

ፍርስራሹ ጨርሶ ሳይጠፋ እስከ እኛ የደረሰው ጠንካራ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ቦታው የተቀደሰ ነው፤ «የእኔ ነው» የሚል ገዳም፣ ደጁን የሚሳለም ምእመን፣ ቅጽሩን የሚጠብቅ ካህን አለው። በየከተማው ያለ አሮጌ መኖሪያ ቤት ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ቦታው መሐል ከተማ ላይ ሲሆን፣ መንገድ ሲነካው፣ ገበያ ሲጠጋው፣ የመሬቱ ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ዶዘሩ ይመጣል። ነዋሪው ተቃውሞውን የሚያሰማው ብዙ ጊዜ ጣራው ከተነሣ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ነው፤ ታሪካዊ ቤት ለአፓርትመንት ሊፈርስ ሲል ሕጉ ምን እንደሚል፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሆነው ምን እንደ ነበረ፣ የአንድ አነስተኛ ከተማ ነዋሪም በጊዜ ምን ማድረግ እንደሚችል።

ጠባቂ የሌለው ቅርስ

ቅርስ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ግንብ ይሄዳል። በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት የማያውቅ አይኖርም። ንጉሡ በ1873 ዓ.ም የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡ፣ ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም እንዲጠራ ያደረጉ ናቸውና፣ ስማቸው ለቤቱ ጋሻ ሆኖታል። ከቤተ መንግሥት ዝቅ ያለው ግን ስም የለውም። የወረዳ ሹም የኖረበት፣ ነጋዴ ከሲራራ ተመልሶ ሸቀጡን ያራገፈበት፣ የመጀመሪያው ፖስታ ወይም የመጀመሪያው ክሊኒክ የተከፈተበት ቤት በየከተማው አለ። የከተማዪቱን አጀማመር የሚናገረው ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ እርሱ ነው፤ በመጀመሪያ የሚፈርሰውም እርሱ ነው።

አሠራሩም ለዚህ አጋልጦታል። የደጋው አሮጌ ቤት በአብዛኛው ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከዚያ በላይ የጽድ ወይም የወይራ ምሰሶና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ምርግ፣ ኋላ ላይ የመጣ የቆርቆሮ ክዳን ነው። ባለ ሰገነትና ባለ በረንዳ ቤቶችም አሉ። ጽድ በደህና ከተያዘ መቶ ዓመት ይሻገራል። ጭቃ ግን ውኃ ካገኘው በጥቂት ክረምት ይረግፋል። ስለዚህ ቤቱ ጥገና ባጣ ቁጥር «አርጅቷል፣ ለነዋሪ አደጋ ነው» ለማለት ይመቻል፤ የሚያፈርሰው ወገንም መጀመሪያ የሚያነሣው ምክንያት ይኸው ነው።

ጥገናው የጠፋበት ምክንያት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/1967፣ የከተማ መሬትን በሙሉና ከአንድ በላይ የሆኑ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በኪራይ ይሠቃይ ለነበረው ደሀ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በትላልቆቹ አሮጌ ቤቶች ላይ ያስከተለው ግን ሌላ ነው። አንዱ እልፍኝ ለአራትና ለአምስት ቤተሰብ ተከፈለ፤ አንዳንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ መጋዘን ወይም ትምህርት ቤት ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ አከራዩ አያድስም። ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም። የቀድሞው ባለቤት ልጆች ቤቱን በሩቁ እያዩ ያልፋሉ። ባለቤት አለው ተብሎ ባለቤት ያጣ ቤት ማለት ይህ ነው።

ከለገሃር እስከ ፒያሳ

የታሪካዊ ቤትና የአፓርትመንት ግጭት በአገራችን ጎልቶ የታየው በአዲስ አበባ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም በለገሃር፣ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ በ36 ሄክታር መሬት ላይ ለሚገነባ የመኖሪያና የንግድ መንደር መሠረተ ድንጋይ ተቀመጠ። ገንቢው የአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ ሲሆን፣ ወጪው 50 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን ተነገረ። በቦታው የሚኖሩ ሰዎችም ከአካባቢው ሳይርቁ በዚያው አዲስ ቤት እንደሚሠራላቸው ተገልጾ ነበር።

ለገሃር ባዶ መሬት አልነበረም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ በጣቢያው ዙሪያ የሠራተኞች ቤቶች፣ መጋዘኖች፣ ሆቴልና ምግብ ቤቶች፣ የመኳንንት መኖሪያዎች ተሠርተውበት፣ የከተማዪቱ ዘመናዊ ኑሮ አንዱ መነሻ ሆኖ ነበር። የጣቢያው ሕንፃ በዕቅዱ ውስጥ እንዲጠበቅ ተወሰነ፤ በዙሪያው የነበሩት ግን ሁሉም ያን ዕድል አላገኙም። በአካባቢው ስለ ነበሩ አሮጌ ቤቶችና ስለ ታዋቂው ቡፌ ደ ላ ጋር የቅርስ ተቆርቋሪዎች፣ አርክቴክቶችና የከተማዪቱ ልጆች ድምፃቸውን አሰሙ። ክርክሩ ያጠነጠነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ጣቢያውን ጠብቆ የጣቢያውን ሰፈር ማፍረስ ቅርስን መጠበቅ ነውን?

ይኸው ጥያቄ በየካቲት 2016 ዓ.ም መጨረሻ በፒያሳ ይበልጥ ገኖ ተሰማ። ፒያሳ የቀድሞው አራዳ ገበያ ያረፈበት፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ከኢትዮጵያውያን ባለ ሙያዎች ጋር ሆነው ባለ በረንዳና ባለ ሰገነት ቤቶችን የሠሩበት ሰፈር ነው። በከተማዪቱ የኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። የከተማው አስተዳደር በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎች እንደማይነኩ፣ እንዲያውም እንደሚታደሱ ገለጸ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሰፈሩ ራሱ፣ መንገዱና ቤቶቹ አንድ ላይ ሆነው ቅርስ እንደ ነበሩ፣ አንድ ሁለት ሕንፃ ለይቶ ማስቀረት ያንን እንደማይመልሰው ተከራከሩ።

ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ሆኖም ለእኛ ለአነስተኛ ከተማ ነዋሪዎች ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት አስተዳደሩ «የተመዘገቡ» ባለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ከማፍረስ የተረፈው በመዝገብ ላይ የነበረው ነው። ያልተመዘገበው ቤት ዕድሜው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ማን ቢኖርበት፣ በውስጡ ምን ቢፈጸምበት፣ በውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ያረጀ የቀበሌ ቤት ነው። የኮሪደር ልማቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ክልል ከተሞችም ተሻግሯልና ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 91 ደግሞ ታሪካዊ ቦታዎችንና ዕቃዎችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ያስቀምጣል። ዜጋ ስለ አንድ ቤት ሲከራከር በሰው ጉዳይ እንደ ገባ ተደርጎ ሊታይ አይገባም ማለት ነው፤ ግዴታውን እየተወጣ ነው።

ዝርዝሩ ያለው በ1992 ዓ.ም በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992 ውስጥ ነው። አዋጁ ቅርስን የሚተረጉመው በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሥነ ጥበባዊና በዕደ ጥበባዊ ዋጋው ነው፤ ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ ክርስቲያን መሆን አለበት አይልም። መኖሪያ ቤትም፣ ወፍጮ ቤትም፣ ድልድይም ሊሆን ይችላል። ቅርስ በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በግለሰብም ሊያዝ እንደሚችል፣ የያዘው ሰው በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት፣ ለመጠገንም ሆነ ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት እንደሚገባው፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው ሊነሣ እንደማይችል ይደነግጋል። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን የሚችልበት መንገድም ተቀምጧል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቢያውቅም የማይጠይቀው ነው።

በ2006 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ለየ። የመርጡለ ማርያም ወይም የሞጣ አንድ ነጋዴ ቤት ብሔራዊ ቅርስ ላይባል ይችላል፤ ክልላዊ ከመባል ግን የሚያግደው ነገር የለም። መንገዱም ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጀምራል። በፌዴራል ደረጃ ሥራውን የሚመራው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ካሳ፣ ምትክ ቦታ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት አካልና ይግባኝ በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሱ ማልማት ከቻለ ቅድሚያ እንዲያገኝ የሚፈቅድ ሐሳብም አለበት። የቅሬታው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ቀኑን ጽፎ መያዝ፣ ቅጂውን ማስቀረት ያስፈልጋል። ብዙ መብት የሚጠፋው ተገቢ ሳይሆን ቀርቶ ሳይሆን ቀኑ አልፎበት ነው።

ፍርድ ቤትስ? በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከሳሽ የሚሆን ሰው በሚከራከርበት ነገር ላይ ጥቅም ያለው መሆን አለበት። ባለቤቱ፣ ወራሹ፣ ተከራዩ ጥቅሙን ማስረዳት አይቸግረውም። «ይህ ቤት የከተማችን ታሪክ ነው» የሚል ጎረቤት ግን በዚህ ጥያቄ ላይ ሊሰናከል ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 የጋራ ጥቅም ያላቸው ሰዎችና ማኅበራት ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳላቸው ስለሚናገር፣ በተናጠል ከመሄድ ይልቅ በማኅበር መሄድ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅርስን የመጠበቅ ሥልጣን በሕግ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ እግድ ቢያስፈልግም በእርሱ እጅ ይቀላል። ለዚህም ቤቱን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሰሚ ያገኙ ድምፆች

ተቃውሞ ሁሉ ከንቱ ቀርቷል ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲዘረጋ መሥመሩ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በቆመበት አደባባይ ማለፍ ነበረበት። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በፋሺስቶች ጥይት የተገደሉት የአቡኑ መታሰቢያ መነሣቱ ብዙ ሰው አስጨነቀ፤ ተመልሶ ላይመጣ ነው የሚል ሥጋትም ነበር። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ቆየና በ2008 ዓ.ም ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ቤት እንደ ሐውልት ተነቅሎ የሚመለስ አይደለም፤ ነገር ግን ሕዝብ ዓይኑን ያልነቀለበት ነገር እንደማይረሳ ያሳያል።

በክልላችን የላሊበላን ያህል ግልጽ ምሳሌ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ። ዓመታት ሲቆጠሩ ክብደታቸው ለአለቱ ሥጋት ሆነ። በመስከረም 2011 ዓ.ም የከተማዪቱ ነዋሪና ካህናት አደባባይ ወጥተው መጠለያዎቹ እንዲነሡ፣ ቅርሱም እንዲጠገን ጠየቁ። በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ሲጎበኙ አገራቸው በጥበቃው እንደምትደግፍ ተናገሩ፤ ከዚያም የባለሙያዎች ጥናት ተከተለ። ልብ ሊባል የሚገባው ነዋሪው «አትንኩ» ብቻ አለማለቱ ነው። ምን እንዲነሣ፣ ምን እንዲጠገን ለይቶ ጠይቋል።

ቤትን አገልግሎት ሰጥቶ የማቆየት ምሳሌም አለ። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ከ1979 ዓ.ም ጀምሮ ያገለግላል። በፒያሳ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም ክፉኛ ቢቃጠልም፣ ይፍረስና አዲስ ይሠራ ሳይባል ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ሆቴሉ የሚበላበት፣ የሚተኛበት፣ ገቢ የሚያስገኝ ቤት ስለ ሆነ ነው። ሥራ ያለው አሮጌ ቤት ጠበቃ አያጣም።

ከአገር ውጭም ቢታይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኒው ዮርክ ትልቁን የፔንሲልቫኒያ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 ማፍረስ ስትጀምር ሰልፍ የወጡት ሰዎች ጣቢያውን አላዳኑትም። የቁጭቱ ፍሬ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከተማዪቱ የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕግ አወጣች፣ በዚያ ሕግም ሌላው ትልቅ ጣቢያ፣ ግራንድ ሴንትራል፣ ተረፈ። በቅርባችን ያለችው አስመራ ደግሞ የከተማ ቤቶቿን፣ ሲኒማ ቤቶቿንና የነዳጅ ማደያዋን ሳይቀር ጠብቃ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የሐረር ጀጎልም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘገብ ከግንቡ ጋር አብረው የታሰቡት ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው።

ተከራዩና ገበሬው

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ ቤት የሚሟገቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። በዚያ «ታሪካዊ» በተባለ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከስድስት ልጆች ጋር የምትኖር፣ መጸዳጃ ከአሥር አባወራ ጋር የምትጋራ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣራው ሥር ባልዲ የምትደረድር እናት አለች። ኮንዶሚኒየም ይሠራል ሲባል የምትደሰተው ታሪክ ስለማትወድ አይደለም። ቤቱ ይቆይ የሚል ሰው ለእርሷ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ካልሆነ ተቃውሞው በማያፈስ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ቅንጦት ይሆናል። ተቃውሞው የሚጠነክረው ተከራዮቹ የተሻለ ቤት ያግኙ፣ ቤቱም ከመጨናነቅ ተላቆ ይጠገን የሚል ጥያቄ ሲይዝ ነው። እነርሱን ያልያዘ ተቃውሞ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በራሳቸው በተከራዮቹ ይሸነፋል።

ሁለተኛው ደግሞ ገበሬው ነው። አፓርትመንቱ መሐል ከተማ ላይ አይሠራ ከተባለ የት ይሠራ? በጎጃም ከተሞች መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ በከተማው ጥግ፣ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ። ከተማ በሰፋ ቁጥር የሚለቀቀው የአርሶ አደር ይዞታ ነው፤ ካሳው ተበልቶ ያልቃል፣ መሬቱ ግን አይመለስም። ስለዚህ ታሪካዊ ቤትን ማዳን በገበሬ ማሳ የሚከፈል ዕዳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ወደ ላይ የሚሠራ ሕንፃ፣ ማለትም አፓርትመንት፣ በመሠረቱ መሬት ቆጣቢ ነውና ለገበሬው ጠላት አይደለም። ችግሩ ያለው በቦታ አመራረጡ ላይ ነው። በአብዛኛው ከተሞቻችን መሐል ታጥሮ ዓመታት ያስቆጠረ ባዶ ቦታ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ መጋዘን፣ ሰፊ የመሥሪያ ቤት ግቢ ይገኛል። ከታሪካዊው ቤት ጀርባ ያለው ጓሮ ራሱ ለአንድ ሕንፃ ሊበቃ ይችላል፤ አሮጌው ቤት ከፊት ሱቅ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ምግብ ቤት ሆኖ ከኋላ አዲሱ ቢነሣ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ አይሆንም። እንዲህ ያለ አማራጭ በወረቀት ተሥሎ ሲቀርብ ከሰልፍ ይልቅ ይሰማል።

መዝገቡ

እስካሁን ከተነገረው የሚገኘው ተግባራዊ ነጥብ አንድ ነው፤ ቤቱ የሚድነው ለማፍረስ ከመወሰኑ በፊት ከታወቀ ነው። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በመርጡለ ማርያምም ሆነ በሌላ ከተማ አንድ መምህር፣ ሁለት ተማሪና የሰፈሩን ታሪክ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ቢሰባሰቡ በጥቂት ቅዳሜዎች የሚሠራ ሥራ ነው።

ለእያንዳንዱ ቤት የሚያስፈልገው ይህ ነው። ቤቱ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከውስጥም ምሰሶው፣ ጣራው፣ በሩና መስኮቱ በግልጽ የታየበት ፎቶግራፍ። ርዝመቱና ስፋቱ በሜትር ተለክቶ በእጅም ቢሆን የተነደፈ ፕላን። ማን እንዳሠራው፣ መቼ፣ ግንበኛውና አናጢው ማን እንደ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ለምን ለምን እንዳገለገለ በአዛውንቶች አንደበት የተቀዳ ቃል። ዓመተ ምሕረቱ ካልታወቀ በታወቀ ነገር ማስጠጋት ይቻላል፤ «ከጣሊያን ወረራ በፊት»፣ «ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ በለበሰ ዓመት» እንደሚባለው። የተናጋሪው ስምና ዕድሜ፣ ቃሉ የተሰጠበት ቀን አብሮ ይጻፍ። የቆየ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ከተገኘ ቅጂው ይያያዝ። የሠርግ ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ የቤቱን በረንዳ ከሃምሳ ዓመት በፊት እንደ ነበረ የሚያሳየው ግን እርሱ ነው።

ይህ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ አንዱም በነዋሪው እጅ ይቀመጥ። ለመሥሪያ ቤቶቹ ሲሰጥ የገቢ ቁጥርና ማኅተም መቀበል አይዘንጋ፤ ኋላ «አልደረሰንም» ሲባል መልሱ ያ ማኅተም ነው። ምዝገባውን በጥናት ለማገዝ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሐዲስ ዓለማየሁ የባህል ጥናት ተቋም የመሰሉ አካላትን መጠየቅም ይቻላል።

ሌላው ጊዜ የከተማ ፕላን የሚከለስበት ነው። በ2000 ዓ.ም የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ያዛል። ስብሰባው ሲጠራ ብዙ ሰው ስለ ውኃና መንገድ ጠይቆ ይበተናል፤ ካርታው ላይ የቤቱ ቦታ በምን ቀለም እንደ ተቀባ የሚያይ ጥቂት ነው። ቅይጥ አገልግሎት ወይም ባለ ብዙ ፎቅ ተብሎ የተቀባ ቦታ ላይ ያለ ቤት ፍርዱ ያን ዕለት ተፈርዶበታል፤ ዶዘሩ የሚመጣው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ «ይህ ቤት በካርታው ላይ በቅርስነት ይከለል» ማለትና በቃለ ጉባኤ ማስያዝ ከብዙ አቤቱታ ይበልጣል።

በመጨረሻ ስለ ቤቱ ጤንነት ጥቂት። ምዝገባ ቤቱን ከሰው ያድነዋል፤ ከክረምት አያድነውም። አሮጌ የጭቃ ቤት የሚሞተው ከላይና ከታች ነው፤ ከላይ በሚያፈስ ቆርቆሮ፣ ከታች ግድግዳው ሥር በሚቆም ውኃ። ከሰኔ በፊት የላላ ምስማር ማጥበቅ፣ የተበሳውን ቆርቆሮ መለወጥ፣ አሸንዳ ማበጀት፣ በመሠረቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ጠርጎ የውኃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ዕድሜውን በአሥርተ ዓመታት ያራዝማል። የምሰሶዎችን እግር ምስጥ እንዳልያዘው ማየትም ያስፈልጋል። የረገፈ ምርግ በጭቃና በጭድ፣ ኖራ ካለም በኖራ ይጠገን። በሲሚንቶ መለሰን ግን ቤቱን ያሳመረ ይመስላል እንጂ ይጎዳዋል፤ ጭቃው የያዘውን እርጥበት መተንፈስ ስለማይችል ከውስጥ እየላመ ይሄዳል፣ ሲሚንቶውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ጭቃውን ይዞ ይላቀቃል። ቤቱ የተመዘገበ ከሆነ ከእነዚህ ሥራዎች ከበድ ያለውን ከመጀመር በፊት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አስታውቆ ፈቃድ መቀበል በሕግም የሚፈለግ ነው።